አባቴ የተወው ሲጋራ

አባቴ ኢዲዶ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ የታጠበው ቡና የሚሰጣባቸው የማድረቂያ አልጋዎች ኃላፊ ነበር። ደመና አይቶ «ሸፍኑ!» ብሎ ሲጮህ ማዶ ያሉት ሠራተኞች ሳይቀሩ ይሰሙታል። አምና የቡናው ሥራ ሲያልቅ ድምፁ ሻከረ። ከአቧራው ነው አልን። ዝንጅብል በማር አፈላንለት፤ ጤና ጣቢያም ሦስት ጊዜ ሄዶ ኪኒን ተሰጠው። ጆሮውን ያመው ሲጀምርና ምግብ መዋጥ ሲያቅተው፣ ከማስተምርበት ከዲላ መጥቼ ሐዋሳ ወሰድኩት።

ሐኪሙ በአፍንጫው ቀጭን ካሜራ አስገብቶ አየ፤ ናሙናም ወሰደ። ውጤቱ ሲደርስ የጉሮሮ ካንሰር መሆኑን ነገረን።

«ሲጋራ ያጨሱ ነበር፣ አባት?» አለው ሐኪሙ።

አባቴ አቀረቀረ። «በወጣትነቴ። ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ ነክቼው አላውቅም፤ ሃያ ዓመት አለፈኝ። ይሄ አይቆጠርልኝም?»

«ይቆጠራል። ማቆም አደጋውን ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም።»

«ብዙ ሰው ይይዛል?» አልኩት እኔ። ምን ልሰማ ፈልጌ እንደሆነ አላውቅም።

«ከሌሎቹ ካንሰሮች አንፃር ብዙ የሚባል አይደለም። በአብዛኛው ዕድሜያቸው የገፋ፣ ያጨሱ፣ መጠጥ ያዘወተሩ ወንዶችን ነው የሚይዘው። ሁሉም ግን እንደዚያ አይደሉም። ብዙዎቹ ደግሞ እኛ ጋ የሚመጡት ከረፈደ ነው።»

ውጭ ወረፋ የሚጠብቁት በእርግጥም አባቴን የሚያህሉ ወንዶች ነበሩ። መካከላቸው አንዲት ሴት አንገታቸውን በነጠላ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ሳልጠይቃት፣ «እናቴ አንድም ቀን አላጨሰችም፤ ጠላ እንኳ አትቀምስም» አለችኝ። ሰው ሁሉ እየጠየቀ አሰልችቷት ይሆናል።

ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ተላክን። ወረፋው ረጅም ስለነበር ቀጠሮ ተሰጥቶን ተመለስን። ብዙም ሳይቆይ አባቴ ትንፋሽ አጠረውና ሐዋሳ ሆስፒታል አንገቱን በስተው የመተንፈሻ ቱቦ አስገቡለት፤ ድምፁም በዚያው ቀረ። አንድ ከሰዓት እጄን ይዞ በከንፈሩ ብቻ የሆነ ነገር አለኝ። አልገባኝም። ደጋግሞ ሞከረ። «እሺ አባባ» አልኩት ዝም ብዬ። እንዳልገባኝ ያወቀ ይመስለኛል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቀጠሮው ሳይደርስ ሞተ።

ለቅሶ ላይ የወጣትነት ጓደኛው አጠገቤ ተቀመጡ። አብረው ያጨሱ ነበር። ሊያጽናኑኝ ሲናገሩ ድምፃቸው ይሰነጠቃል።

«ጋሼ፣ ድምፅዎ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ከፋሲካ ወዲህ። ብርድ ነው።»

«ነገ ሐዋሳ ልውሰድዎት።»

«የዘንድሮው ቡና ይለቀምና እንሄዳለን» አሉኝ።

ዛፉ ላይ ያለው ቡና ገና መቅላት እንኳ አልጀመረም ነበር።