የሽቦው አጥር

ቅዳሜ ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ዳር የተበላሸ ምድጃ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ይቀመጣሉ። የካፖርታቸው እጅጌ ተቃጥሎ በሌላ ጨርቅ ተጥፏል፤ የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶችም በቃጠሎ ጠባሳ ተጣብቀዋል።

ፕሮጀክት ያደለኝ፣ በሰጋቱራ እንክብል የሚነደው ምድጃ ጭሱ አላስቀምጥ ቢለኝ ወሰድኩላቸው። ምድጃውን ሳያዩ፣ "ቤት ውስጥ ሕፃን አለ?" አሉኝ።

"አለች።"

"ትሄዳለች ወይስ ትድሃለች?"

ጭስ አስቸገረኝ ብል ስለ ልጅ ይጠይቁኛል ብዬ ተናደድኩ። "ትድሃለች" አልኳቸው።

ያን ጊዜ ተቀበሉኝ። አመዱን አራገፉ፤ የተደፈኑትን የአየር ቀዳዳዎች በምስማር ከፈቱ። አንዱን እንክብል በጣታቸው ሲጫኑት ፈረሰ።

"እርጥበት ገብቶታል። ፀሐይ ላይ አስጪው፣ ጭሱ ይቀራል።"

ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሳልጠይቃቸው ሽቦ አውጥተው ምድጃውን ዙሪያውን ያጥሩት ጀመር። የሽቦውን ጫፍ ሁሉ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ወደ ውስጥ አጠፉት።

"እርስዎስ ልጅ አለዎት፣ አባቴ?"

ጢማቸው ነጭ ነው፤ ሰባ ዓመት ሳያልፋቸው አይቀርም።

"አንድ አለኝ" አሉ፣ ቀና ሳይሉ። "እስከ ዛሬ ዳዴ ይላል።"