አለቱ ላይ የተተከለው ብረት

አባቴ በሕይወታቸው የሚፈሩት አንድ ነገር ቢኖር መሬት የሚለካ ሰው ነው። በወጣትነታቸው ገመድ ይዘው የመጡ ሰዎች ከማሳቸው ቆርሰው ለሌላ ሰጥተውባቸዋል። ዘንድሮ ከሮብ ገበያ በላይ፣ የገብስ ማሳችን ጫፍ ላይ ካለው አለት ላይ ባለሙያዎች መጥተው ብረት ሲተክሉና የድስት ክዳን የመሰለ መሣሪያ ሲያስሩበት ያዩት ጊዜ፣ ምንድን ነው ብለው እንኳ አልጠየቁም። አለቀልኝ ብለው ወደ ማሳው ፍግ ማመላለሱን ተዉት።

እኔ ደብረ ማርቆስ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ልጠይቃቸው ብሄድ ፍጉ በረቱ ደጅ እንደ ተቆለለ ነው። እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

"ለሰው መሬት ፍግ አልጭንም" አሉኝ።

ያ ማሳ ያለ ፍግ ዘሩንም አይመልስ፤ ክረምቱ ደግሞ ደርሷል። የብረቱን ነገር ባስረዳቸው አልሰሙኝም፤ የልጅ ወሬ ማን ይሰማል። ደግነቱ ከባለሙያዎቹ አንዱ መሣሪያውን ሊያይ በዚያው ጠዋት ብቅ አለ።

"አባቴ፣ እኛ የምንለካው መሬቱ ወደ ላይ ይነሣ እንደሆነ፣ ወደ ታችም ይወርድ እንደሆነ ነው" አላቸው። "በዓመት የሚንቀሳቀሰው ከጥፍር ውፍረት ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። እርግጡን ለማወቅ ገና ብዙ ዓመት እንጠብቃለን።"

አባቴ ትክ ብለው አዩት። "የማሳዬን ወርድስ?"

"ወርዱ እኛን አይመለከተንም።"

አባቴ ተነሥተው አህያውን ጫኑ።

ፍጉን በትነን ስናበቃ አለቱ ላይ አረፍ አልን። ጮቄ ከበላያችን ደመና ለብሷል። ይህ አገር ሁሉ ከሥር ተገፍቶ እንደወጣ፣ ዓባይ በረሃ ያለው ነጭ ድንጋይም ድሮ የባሕር ወለል እንደነበር ስንቴ አስተምሬያለሁ። የዚያን ቀን ግን፣ እዚያ እንደተቀመጥኩ፣ ነገሩ በቅጡ ገባኝ፤ ለአባቴም ነገርኳቸው።

አባቴ መዳፋቸውን አለቱ ላይ አሳረፉ። "አሁንም እየሄደ ይሆን?"

"ሳይሆን አይቀርም፣ አባባ።"

"ገብሱንም፣ ቤቱንም፣ እኛንም ይዞ?"

"ሁሉንም ይዞ።"

እጃቸውን ከአለቱ ላይ አላነሡም።

"እኔ እኮ መሬቱን ይወስዱብኛል ብዬ ነበር የምፈራ" አሉ። "ለካ እሱ ነው እኔን ይዞኝ የሚሄድ።"