የተረፈው ጥቁር ጨርቅ

አልታየሽ ወንድሟ በቀይ ሽብር መገደሉን በስልክ በሰማችበት ጠዋት፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ልጇን ለሃሎዊን፣ ፈረንጆች ልጆችን ጣረሞትና ጠንቋይ ለሚያስመስሉበት በዓል፣ ልብስ ልታስለካ ለንደን ብሪክስተን ወዳለው የሐበሾች አዳራሽ ሄደች።

እዚያ ስሙን ማንም የማያውቀው አንድ ሰውዬ ለስደተኛ ልጆች በነጻ ይሰፋል። ከአሮጌ አንሶላ የጣረሞት ልብስ፣ ከጥቁር ገበር የጠንቋይ ካባ ያወጣል። ጫማው እንደ ወታደር የተወለወለ ነው፤ ሲቀመጥም ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል። ብዙዎች የደርግ ኤምባሲ ጆሮ ነው ይሉታል።

«ጋሼ፣ ልጆቻችንን ሰይጣን አደረጓቸው እኮ!» አለች አንዷ እናት።

«ሰይጣኑማ ከአገር ቤት ተከትሎን መጥቷል፤ እኔ ቀንድ ብቻ ነው የቀጠልኩለት።»

አልታየሽም ከሰው ጋር ሳቀች። አገር ቤት ለተገደለ ሰው ማልቀስ ክልክል ነው፤ እዚህ ማዘኗ ኤምባሲ ከደረሰ እናቷ ትታሰራለች። ስለዚህ ለማንም አልተነፈሰችም።

ልትወጣ ስትል ሰውዬው የተረፈውን ጥቁር ጨርቅ አጥፎ ሰጣት።

«ለቀሚስ ይበቃሻል፣ እኅቴ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔም ለራሴ ሸሚዝ አስቀርቻለሁ።»

ማን ነገረው? እውነት ሐዘንተኛ ነው ወይስ ፊቷን እያጠና ነው?

«ለልጄ ካባ ይሆነዋል» ብላ ተቀበለችው።

ለወንድሟ ገና አላለቀሰችም።