የሰውየው የራሱ ዘፈን

ከደብረ ማርቆስ በወጣሁበት ዋዜማ መብራት ጠፍቶ ነበር። ታናሽ እህቴ ትርንጎ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ስታስመታቸው የዋለቻቸውን አራት የባትሪ ድንጋዮች በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አመጣችና ቴፑ ውስጥ ከተተቻቸው። ፀሐይ የመታው ድንጋይ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፤ አንድ ዘፈን ተኩል ያህል። አውቶቡሱ ጎሕ ሲቀድ ይነሳል፣ ሻንጣዬ በር ላይ ቆሟል፣ እኛ ደግሞ ሌላው ሰው የሚላቀስበትን ሰዓት ዘፈን እንሰማበታለን።

ካሴቱ እንግሊዝኛ ያስተምረን የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የተወልኝ ነው። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ስለሆነ፣ ከልጆቹ መካከል እንደ ባንዲራ እንጨት ቆሜ ሲያየኝ ሳያዝንልኝ አልቀረም። ባንዱ ቲን ካናሪስ ይባላል። ፓወር ፖፕ የሚሉት ዓይነት ነው፦ ጊታሩ በረዶ እንደወረደበት ቆርቆሮ ይጮሃል፣ ዜማው ግን ማር ነው፤ ሦስት ሰዎች አንድ ላይ ያዜማሉ፣ ገና ደስ ሲላችሁ ያልቃል።

ትርንጎ አብራ ዘፈነች። ሦስተኛው መስመር ላይ እንደ ሁልጊዜው ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አይደለም፣» አልኋት። «እዚያ ላይ ይወርዳል።»

«እታለም፣ ነገ እኮ ትሄጃለሽ።»

«ብሄድስ? ይወርዳል።»

ይህ ከአባታችን የወረስሁት በሽታ ነው። አባታችን መሪጌታ ነበሩ፤ ዲማ ተምረው ደብረ ማርቆስ ዜማ ያስተምሩ ነበር። ተማሪ የመምህሩን ዜማ አንዲት ሳይጥል ካወጣ «ቁርጥ መምህሩን! ከራሱ ምንም የለበትም!» ይላሉ፤ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና በቤታችን አይታወቅም። ከራሱ ትንሽ የጨመረ እንደሆነ ግን መሬቱን በመቋሚያ ይመቱና «ይኸ የማን ቤት ዜማ ነው? የእናትህ ቤት?» ብለው ያሳፍሩታል። እኔ ሴት ስለሆንሁ ይህን ሁሉ የሰማሁት ከግድግዳው ውጭ ቆሜ ነው። ከግድግዳ ውጭ የተማረ ሰው ደግሞ ከውስጠኛው ይብሳል፤ እሱን ያረመው ስለሌለ ሌላውን ሲያርም ይኖራል።

መጀመሪያ ቤሩት ገባሁ፣ ለግርድና። ማዳሟ ፓስፖርቴን ከጌጦቿ ጋር ስለምትቆልፍበት «ወርቅ ሆኛለሁ» ብዬ ለትርንጎ ጻፍሁላት። በሁለተኛው ዓመት ልጆቿን እንድጠብቅ ለንደን ይዛኝ ሄደች። አንድ ቀን ዳቦ ግዢ ብላ ላከችኝ። ገዛሁና በፌስታል እንዳንጠለጠልሁት ቀጥ ብዬ ሄድሁ። ያን ዳቦ ሦስት ቀን በላሁት። ጥገኝነት ስጠይቅ የመረመረኝ ሰውዬ ወረቀቴን እያገላበጠ፦

«በሃያ ዓመትሽ ስድስተኛ ክፍል ነበርሽ?» አለኝ በአስተርጓሚ።

«አዎ።»

«ለምን ዘገየሽ?»

«አልዘገየሁም። የዘገየው ትምህርት ቤቱ ነው።»

አስተርጓሚው ሳቀ። መርማሪው አልሳቀም፤ እንደሚመስለኝ ያቺን ሳቅ በእኔ ላይ መዝግቧታል፣ መልሱ ሁለት ዓመት ፈጀ።

እስከዚያው ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ላኩኝ። የእኛ ክረምት ቁጣው ሰዓት አለው፤ ይጮሃል፣ ያወርደዋል፣ ይወጣለታል። የነሱ ዝናብ እንዳኮረፈች አማት ቀኑን ሙሉ ያንሾካሹካል። ድንቻቸው ከኛው ሮብ ገበያ ድንች ጋር ዘመድ ነው፤ ግን አገር ለቅቆ ጨው የረሳ ዘመድ። ሰዎቹ ሲገጩኝ ይቅርታ የሚጠይቁኝ እነሱ ናቸው፤ እኔ ስገጫቸውም እነሱ ናቸው። ጎረቤቴን ስድስት ወር ሰላም ካልኋት በኋላ አንድ ቀን «የምትፈልጊው ነገር አለ?» አለችኝ።

ወረቀቴ ወጣና አረጋውያን መንከባከቢያ ሥራ ያዝሁ። በዕረፍት ቀኔ ያገለገለ የሙዚቃ ሸክላ የሚሸጥበት ሱቅ አገኘሁ። ባለሱቁን፣ ኮሊን ይባላል፣ ቲን ካናሪስ አለህ ወይ አልሁት፤ አወጣና አጫወተው።

«ማጫወቻህ ተበላሽቷል፣» አልሁት። «ይሮጣል።»

«ፍጥነቱ ይኸው ነው።»

«እኔ አገር እንዲህ አይሮጥም።»

ስለ ባትሪ ድንጋዩ ስነግረው ወንበር ፈልጎ ተቀምጦ ሳቀ። ለካ ያን ሁሉ ዓመት እኔና ትርንጎ እንደ ሙሾ ጎትተን የዘፈንነው የጭፈራ ዘፈን ኖሯል። ሦስተኛው መስመር ግን ይወርዳል። አረጋገጥሁ።

ኮሊን «እነዚህን ከወደድሽ ልጆቻቸውን ታውቂያቸዋለሽ?» አለኝ። በቲን ካናሪስ ፍቅር ተነድፈው ባንድ የመሠረቱ፣ አንድ ሁለት ሸክላ አሳትመው የጠፉ ሰዎች ማለቱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜዬ አለቀ። በአንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ሁለት ወንድማማቾች ዓሣ መጋዘን ውስጥ የቀዱት ነበር፤ ጊታሩ ውስጥ ቅዝቃዜው ይሰማል። አንዲት አሜሪካዊት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር አንድ ብቻ ቀድታለች፤ ጭብጨባውን የራሷ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው ያጨበጨበችው፣ ውኃ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ሦስት የስዊድን ልጆች ደግሞ እንግሊዝኛ ሳያውቁ ቃሉን ብቻ በቃላቸው ይዘው ዘፍነዋል፤ የኛ ልጆች ትርጉሙ ሳይገባቸው ዳዊት እንደሚደግሙት። እነሱን ስሰማ የሳቅሁትም ያለቀስሁትም እኩል ነው።

ደብተር ገዛሁና ከላይ መምህሩን፣ ከሥር ተማሪዎቹን ጻፍሁ፤ ማን ጊታሩን፣ ማን ሦስቱን ድምፅ፣ ማን አጨራረሱን እንደወሰደ። ኮሊን አይቶ «የቤተሰብ ዛፍ ነው?» አለኝ።

«የትምህርት ቤት ነው።»

በዚያው ዓመት አባታችን አረፉ። ትርንጎ ብቻዋን ቀረች። ብዙ ጽፈን፣ ብዙ ፈርመን፣ እኔ ባለሁበት ከተማ ነርስነት የምትማርበት ቦታ አገኘች፤ ክፍያውን የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሊችሉላት ቃል ገቡ። ቪዛ የሚሰጠው ቢሮ የቀረው አንድ ነገር ነበር፦ እኔ ዘንድ እንድትኖር አከራዬ የፈቀደበት፣ በእጁ የተፈረመ ደብዳቤ።

አከራዬ ሚስተር ደንካን ይባላል፤ ስልሳ የሚጠጋ፣ ራሰ በራ፣ ለጥገና የማይቸኩል ሰው። ስለ ክፍሌ ያወራነው ሁሉ ይህን ይመስላል፦

«ግድግዳው ሻግቷል፣ ሚስተር ደንካን።»

«ብዙ ስለምትተነፍሽ ነው።»

«ልቀንስ?»

«መስኮት ክፈቺ።»

«በምስማር ተመቷል።»

«ለደኅንነትሽ ነው።»

ስለ ደብዳቤው ግን ሳይከፋ «አምጪው፣ ሐሙስ እመጣለሁ» አለኝ። ከሐሙስ በፊት ባለው ቅዳሜ ኮሊን አንዲት ትንሽ ሸክላ ሰጠኝ፤ ስፔር ኪስ የሚባል የዚያው ከተማ ባንድ። ሽፋኑ ላይ ጊታር የያዘ ጎፈሬ ጎረምሳ አለ። ጆሮው የሚስተር ደንካን ነው። ከሥሩ የተጻፈው ስምም የሱ ነው።

ቤቴ ወስጄ አጫወትሁት። ጊታሩ፣ ሦስቱ ድምፅ፣ ያቺ የምትወርደው ቦታ ሳትቀር፤ ካናሪስ ራሳቸው ቢሰሙት የኛ ነው የሚሉት። እኔ በዚህ ሰው ጣሪያ ሥር ሻጋታ ስቆጥር ከርሜአለሁ!

ሐሙስ መጣ። ሸክላውን ሲያይ ፊቱ ሕፃን ሆነ። «ከየት አገኘሽው?» አለ፣ ተቀመጠ፣ ሳይጠየቅ። እኔም በሕይወቴ ለማንም ሰጥቼው የማላውቀውን ምስጋና፣ አባቴ ከመቋሚያቸው ጋር የሚሰጡትን፣ ቃል በቃል በእንግሊዝኛ አቀረብሁለት።

«ቁርጥ ቲን ካናሪስን ነዎት። ከራስዎ ምንም የለበትም።»

የሸክላውን ሽፋን ገልብጦ አስቀመጠው። ያልገባው መስሎኝ ደገምሁለት፤ «አንዲት እንኳ የራስዎ የለችበትም!»

«አዎ፣» አለ በመጨረሻ። «ያን ጊዜ ጋዜጣ ላይ የጻፈው ሰውዬም ያለው ይህንኑ ነው። አንድ መስመር ነበረች። በሳምንቱ ባንዱ ፈረሰ።»

ደብዳቤውን ሳይፈርም አጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ።

ለኮሊን ስነግረው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «እዚህ አገር ለሙዚቀኛ ከዚያ የከፋ ስድብ የለም፣» አለኝ። «ሂጂና የራስህን ድምፅ ሰማሁ በይው።» ገባኝ። እስከዚህ ድረስ ያለው ስሕተት ነው፤ እግዚአብሔርም ሰውም ይቅር ይለዋል።

ሚስተር ደንካን ግን በሳምንቱ ራሱ ተመለሰ። አንድ ካሴት ይዟል። ባንዱ ከፈረሰ በኋላ ለብቻው ጋራዥ ውስጥ የሠራው ነው፣ ለሚስቱ እንኳ አሰምቷት አያውቅም። «ይኸ የራሴ ነው፣» አለኝ። «ስሚው። ማክሰኞ ስለ ደብዳቤው እናወራለን።»

ሦስት ጊዜ ሰማሁት። መጥፎ ነበር። ዜማው መንገድ እንደጠፋው ሰካራም ግድግዳ ይዳስሳል፤ ባዶ ቦታ በመጣ ቁጥር ጊታር ይሞላበታል።

ማክሰኞ ደጄ ላይ ቆመ። ደብዳቤው በአንድ እጁ ነው፣ እስክሪብቶው በሌላው። ቆቡን አውልቋል፤ መርማሪው ፊት የቆምሁ ዕለት እኔም እንዲያ ነበርሁ።

«እሺ?» አለኝ።

ምን ማለት እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ።

«የመጀመሪያው ይሻላል፣» አልሁት። «ይኸኛው የማንም ቤት አይደለም።»

እስክሪብቶውን ከደነ። «ክፍሏ ለሁለት ሰው ትጠባለች፣» አለና ቆቡን አጠለቀ።

እውነት ወዳድ ስለሆነች ነው እንዳትሉልኝ። የማዳሟን ያረረ ኬክ ሁለት ዓመት «ግሩም ነው» ብያለሁ። በየቢሮው የፈለጉትን ዓይነት ፊት አሳይቻለሁ። ግን በዚያች ከተማ ከማንም አብልጬ የማውቀው አንድ ነገር ይኸው ብቻ ነበር፤ አንድ ሰው እንኳ ማወቄን እንዲያውቅልኝ ፈለግሁ። የፈለግሁት በትርንጎ ዕድል ነው።

ሌላ ክፍል ፍለጋ ስንከራተት የምዝገባዋ ቀን አለፈ። ቦታዋን ለሌላ ሰጡት። ለትርንጎ ሁሉንም ጻፍሁላት፣ አንዲት ሳልጥል። መልስ አልጻፈችልኝም። ካሴቱን መልሺ እስኪለኝ ስጠብቅ ዓመት አለፈ፤ ሚስተር ደንካን አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

ዛሬ ማታ ደወልሁላት። አንድ ደላላ ቪዛ አምጥቶላታል፤ ነገ ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ወደ ጅዳ ትሄዳለች፣ ለግርድና።

«ቲን ካናሪስን ልያዘው?» አለችኝ።

«ተይው። ማዳሟ ትወስድብሻለች።»

ሻንጣዋን ስታጠባብቅ ይሰማኛል። ከዚያ «የሰውየውን አሰሚኝ፣» አለች።

«የቱን?»

«የራሱን። ያስቀረኝን።»

ስልኩን ከድምፅ ማጉያው አስጠጋሁ። መንገዱን እየሳተ፣ ግድግዳ እየዳሰሰ እስከ መጨረሻው ሄደ። አንድም ጊዜ አላቋረጠችም። ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስሁ።

«ጥሩ ነው እኮ፣ እታለም፣» አለች።

ሳቋን ጠበቅሁ። አልሳቀችም።

«ይህችን ማለት ነው ያቃተሽ?»

የሻንጣዋ ዚፕ ተዘጋ። አንዴ ብቻ የሰማችውን ዜማ ማንጎራጎር ጀመረች፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ደከመ ባትሪ ድንጋይ። ሦስተኛው መስመር ላይ ከፍ አደረገችው። እርማቱ ምላሴ ላይ ነበር።