ስድስተኛዋ የጳጉሜን ቀን

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እንደጨረስኩ፣ ሐምሌ ላይ፣ ካዛንቺስ አንድ መድኃኒት አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሥራ ገባሁ። ያስገቡኝ የድርጅቱ የኮምፕሊያንስ ክፍል ኃላፊ ናቸው። ከእናቴ ጋር ቂርቆስ አንድ ማኅበር ይጠጣሉ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ኮሌጅ ስገባም ጠዋት ተምሬ ከሰዓት እንድሠራ ፈቀዱልኝ።

ኮምፕሊያንስ የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። «ሕጉ ያለውን መሥራት፣ መሥራትሽንም በወረቀት ማሳየት ነው» አሉኝ። «ድርጅት ፈቃዱን የሚቀማው ስላልሠራ ብቻ አይደለም፤ ሠርቶ ካልጻፈም ይቀማል።» ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት። ትምህርቴን ስጨርስ እሳቸው የያዙትን ሥራ መሥራት እፈልግ ነበር። ከሰፈር በስታዲየም በኩል በእግሬ ስመጣ፣ ከፈረሱት ቤቶች አጥር ጎን ሳልፍ፣ የማስበው ይህንኑ ነበር።

ኅዳር ላይ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ቁጥጥር እንደሚመጣ ተሰማ። እትዬ ጠሩኝና በሩን ዘጉት። ጠረጴዛቸው ላይ የፍሪጅ ሙቀት መከታተያ ቅጾች ነበሩ። የኢንሱሊኑ ፍሪጅ ሙቀት በየቀኑ ጠዋትና ከሰዓት ተነብቦ ይጻፋል። የመጋዘኑ ሠራተኛ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከለቀቀ በኋላ ግን እስከ መስከረም መጨረሻ ማንም አልጻፈም።

«ፍሪጁ አልተበላሸም፤ መብራት ሲጠፋም ጄኔሬተር አለን። የጎደለው ወረቀቱ ብቻ ነው» አሉ። «ጽሑፍሽ ያምራል። አንቺ ሙዪልኝ።»

«ግን እትዬ፣ እኔ አላነበብኩትም እኮ።»

«እኔ እያለሁ ምን ያስፈራሻል? ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ባለው መሃል እያለዋወጥሽ ጻፊ። ፈርሚበት፤ ያኔ እዚህ ስለነበርሽ አያጠያይቅም። ደግሞ በአንድ እስክሪቢቶ እንዳትጨርሺው።»

ሰማያዊና ጥቁር እስክሪቢቶ ሰጡኝ። ልክ እንዳልሆነ አላወቅኩም ብል ውሸት ነው። ግን እሳቸው ካሉ ምክንያት አላቸው አልኩ፤ እንዲያመሰግኑኝም እፈልግ ነበር። ሁለት ቀን ከሰዓት ተቀምጬ ሞላሁት። አንድም ሳጥን ባዶ አልተውኩም። እትዬ ገጾቹን ቶሎ ቶሎ ገልጠው «ጎበዝ የኔ ልጅ» አሉኝ።

ተቆጣጣሪው ወጣት ነበር። ቅጾቹን አንድ በአንድ እያየ ቆየና ፈገግ አለ።

«አምና ጳጉሜን ስንት ቀን ነበረች?»

«አምስት» አሉ እትዬ።

«እኔ ጋም አምስት ነበረች። እናንተ ፍሪጅ ውስጥ ግን ስድስተኛ ቀን አለች፤ ጠዋት አራት ዲግሪ፣ ከሰዓት አምስት። ለእናንተ ተጨማሪ ተሰጥቷችሁ ነው?»

ቅጹ ላይ ለጳጉሜን የታተሙት መስመሮች ስድስት ነበሩ። ስድስቱንም ሞልቻቸዋለሁ።

ፈገግታው ጠፋ። «ይቺ ፊርማ የማን ናት?»

«የኔ ናት» አልኩ።

«ማነው ሙዪ ያለሽ?»

ወደ እትዬ ዞርኩ። እሳቸው ወደ እኔ አልዞሩም።

«ማንም አላላትም፣ ወንድሜ» አሉ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። «ተማሪ ናት። ባዶ ቦታ ስታይ እኛን ለማስደሰት ብላ ሞልታዋለች። ማለቴ፣ ልጅ ናት። እኛም ገና አሁን ማየታችን ነው።»

«እንደዚያ ነው?» አለኝ።

ከአፌ የወጣው «አዎ» ብቻ ነበር። ስሜን ከነአባቴ ጠይቆ ጻፈ። «ይሄ እኛ መዝገብ ላይ ይቀመጣል» አለ።

በማግስቱ እትዬ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። የማስተካከያ እርምጃ ሪፖርት ተጠይቀው ነበር። «ኮምፒውተር ላይ አንቺ ትፈጥኛለሽ። እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ጻፊ» አሉኝ። የችግሩ መንስኤ፦ ጊዜያዊ ሠራተኛ ሳትታዘዝ የሠራችው ሥራ። የተወሰደ እርምጃ፦ ሠራተኛዋ ከሥራ ተሰናብታለች።

እጄ ቆመ።

«ፈቃዱ ከታገደ ይሄ ሁሉ ሠራተኛ መበተኑ ነው» አሉኝ። «አንቺ ገና ተማሪ ነሽ፤ ምን ይቀርብሻል?»

ጻፍኩት። የፊደል ግድፈት እንዳይኖርበት ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ እትዬ እናቴን አቅፈው ሳሟት። «ትምህርቷ ላይ እንድታተኩር ብዬ ነው ያሳረፍኳት» አሏት። እናቴ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አንቺ ባትኖሪ ማን ያስብላት ነበር» አለቻቸው። እኔንም ሳሙኝ። ጉንጬን ሰጠሁ።

መንገድ ላይ ሁሉንም ለእናቴ ነገርኳት። ቀጥ ብላ ቆመች።

«ያላየሽውን ነገር ለምን ፈረምሽ?»

«እሳቸው ናቸዋ ያሉኝ። አመንኳቸው።»

ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎች እያዩን ነበር። ድምፅዋን ቀነስ አደረገች።

«እኔም አምኜያት ነው የላክሁሽ» አለች። ቀጥላም፣ «ስምሽ እዚያ መዝገብ ላይ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አለ።»

«የእሷስ?»

«የእሳቸው የለም» አልኳት።