የጊንጪዋ ስልከኛ ግጥም ኢዝሚር ድረስ

ሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አምቦ

መናኸሪያ ስንደርስ ሰማዩ ገና መቅላት መጀመሩ ነው። የባጃጁ ሾፌር ሻንጣዬን እያወረደ፣ «ባርሲስቱ፣ ወዴት ነው በማለዳ?» አለኝ። አስተማሪዋ ማለቱ ነው። አምቦ ላይ ሃያ ዓመት አማርኛ ስላስተማርኩ ከከተማው ሾፌሮች ግማሹ እኔ ፊት ቁጭ ብለው ሐረግና ዓረፍተ ነገር የለዩ ናቸው።

«ቱርክ» አልኩት።

«ለዕቃ ነው?»

«ለግጥም።»

ትንሽ አሰበና፣ «ነጋት ገላ፣ በሰላም ይመለሱ» ብሎ ሞተሩን አስነሣ።

የጉዞው ጠንሳሽ ኦቦ ገመቹ ነው። እኛ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራል። ስድስት ግጥሞቼን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ፣ ሳይነግረኝ ለውጭ አገር የግጥም ጉባኤ በኢሜይል ላካቸው። ኢዝሚር አጠገብ ካለች አንዲት የባሕር ዳር ከተማ መልስ መጣ። የብዙ አገር ገጣሚዎች ይሰበሰባሉ፣ ግጥምሽ በቱርክኛ ተተርጉሞ ይነበባል፣ ነይ የሚል። ፓስፖርት እንኳን አልነበረኝም። 2011 ዓ.ም. ነው፣ ሁዳዴ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ሻንጣዬ ውስጥ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና አንድ ጋቢ አለ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ጊንጪ

ሚኒባሱ ጊንጪ ላይ አወረደኝ። እናቴን ሳልሰናበት መሄድ አይሆንልኝም።

እናቴ ወይዘሮ አሰለፈች ሰባ ዓመቷ ነው። የጊንጪ ስልከኛ ነበረች። ስልክ ሁሉ በእጅ በሚገናኝበት ዘመን ከአምቦ፣ ከጉደር፣ ከነቀምት የሚመጣ ጥሪ በእሷ ጣት ያልፋል። የአውራጃው አስተዳዳሪም፣ የእህል ነጋዴውም፣ ልጁ የጠፋበት ገበሬም ድምፅዋን ያውቁታል። ማዳመጫው ለዓመታት የተጫነው ግራ ጆሮዋ ዛሬ አይሰማም። በቀኝ በኩል ዞሬ ነው የማወራት።

ግቢ ውስጥ ድንች እየኮተኮተች አገኘኋት።

«ምን የሚል ግጥም ነው የምታነቢው?» አለችኝ።

«ስለ ስልክ።»

«ስለ ስልክ ደግሞ ምን ይጻፋል?» ብላ ሣቀችና ግንባሬን ሳመችኝ።

አልነገርኳትም። ግጥሙ ስለ እሷ ነው። ከጻፍኩት አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል፣ ለእሷ ግን አንብቤላት አላውቅም። ቀኑን ሙሉ ለሰው ስታወራ ውላ ማታ ቤት ስትገባ አንዲት ቃል አይወጣትም ነበር። ራት አቅርባ፣ እግሯን ታጥባ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ትቀመጣለች። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ የምጠይቃት ነገር ሞልቶኝ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን እንኳን አልተቆጣችኝም፤ ዝም ነው የምትለው። ግጥሙ ያንን ይላል። ብትሰማው ወቀሳ ይሆንባታል ብዬ ስለምፈራ ደብቄው ኖሬያለሁ።

ከጊንጪ እስከ አዲስ አበባ

ሁለተኛው ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ወንበር ከሁለት የጎመን ከረጢትና ከአንዲት የእንጭኒ ነጋዴ ጋር ተጣበቅሁ። መሬቱ ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል። አዲስ ዓለም፣ ሆለታ፣ ባሕር ዛፍ፣ መንገድ ላይ የተደረደረ ድንች። ነጋዴዋ ፓስፖርቴን አገላብጣ አይታ፣ «ፎቶሽ ላይ ተቆጥተሻል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቡራዩ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቶ አንድ ሰዓት ቆምን። በረራዬ ማታ ስለሆነ አልተጨነቅሁም።

ረቡዕ፣ ባሕሩ አጠገብ

ከኢስታንቡል ወደ ኢዝሚር፣ ከኢዝሚር ደግሞ በመኪና አንድ ሰዓት። ከተማዋ ከአምቦ ታንሳለች። ቤቶቹ ነጫጭ፣ መስኮቶቹ ሰማያዊ፣ ድመቶቹ ወፋፍራም። ባሕር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። የደንዲን ሐይቅ ዐሥር ጊዜ አይቼዋለሁ፣ እሱ ግን ዙሪያውን ተራራ ይዞታል፤ ይኼኛው ማዶ የለውም። ጫማዬን አውልቄ ውኃውን ቀመስኩት።

የተቀበለችኝ ዴሪያ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። እንግሊዝኛዋ ከእኔ ብዙም አይሻልም፣ ስለዚህ በደንብ ተግባባን። ጾመኛ ነኝ ስላት ወይራ፣ ቲማቲም፣ ዳቦና በዘይት የተሠራ ባቄላ አስቀረበችልኝ። በትንሽ ብርጭቆ ቀይ ሻይ ጠጣሁ፣ አራት ጊዜ።

ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት

ንባቡ የድሮ የወይራ ዘይት መጋዘን ግቢ ውስጥ ነው። ሰው ሞልቷል። እኔ በአማርኛ አነባለሁ፣ ከዚያ ነጃቲ ቤይ፣ አቶ ነጃቲ እንደማለት ነው፣ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የቲያትር ተዋናይ ቱርክኛውን ያነባሉ። ድምፃቸው ወፍራምና ለስላሳ ነው። እንዲህ አልኩ፦

ለአምቦ ለጉደሩ፣ ለነቀምት ደዋይ፣
ድምፅሽን አድለሽ ስትገቢ ማታ ላይ፣
እኔም ደዋይ ልሁን፣ ከሩቅ አገር ልምጣ፣
ሦስት ደቂቃ ስጪኝ፣ የእኔ ተራ ይውጣ።

ነጃቲ ቤይ ሲያነቡ ግን ነገሩ ግራ ገባኝ። ወጣቶቹ እየተያዩ ፈገግ ይላሉ። አንዱ ፍቅረኛውን ትከሻዋን አቀፋት። ሲያልቅ መድረክ መሪዋ ማይክሮፎኑን ይዛ፣ «ያ ሰው አሁንም ከመስመሩ ወዲያ አለ ወይስ ተለያያችሁ?» አለችኝ። ዴሪያ ተረጎመችልኝ።

የቱ ሰው? ነገሩ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። በአማርኛ «ድምፅሽን» ስል የማናግረው ሴት እንደሆነ ማንም ያውቃል። እንግሊዝኛው ግን «አንቺ»ንና «አንተ»ን አይለይም፣ ቱርክኛውም እንደዚያው። የእናቴ ግጥም በሁለት ቋንቋ አልፎ ለወንድ የተጻፈ የፍቅር ግጥም ሆኗል።

እዚያው ማረም ነበረብኝ። ያ ሁሉ ሰው ሲያየኝ ግን አፈርኩና፣ «መስመሩ ተቋርጧል» አልኩ። በጣም አጨበጨቡልኝ። ከመድረክ ስወርድ እናቴን የካድኳት መሰለኝ።

ዓርብ ጠዋት፣ ሻይ ቤት

ዴሪያን ይዤ ነጃቲ ቤይን ፈለግናቸው። ወደቡ አጠገብ ሻይ ቤት ጋዜጣ እያነበቡ ነበር።

«ግጥሙ ለእናቴ ነው» አልኳቸው። «ስልከኛ ነበረች።»

ጋዜጣቸውን አጠፉ። «ሳንትራል?» አሉ። እነሱም የስልክ ማገናኛውን ሳንትራል ነው የሚሉት። ከዚያ ለዴሪያ ረጅም ነገር ነገሯት። ወታደር ሳሉ ቤታቸው ለመደወል ሙሉ ቀን ተራ ይጠብቁ ነበር፤ የሳንትራሏን ሴት ድምፅ እስከ ዛሬ ያስታውሱታል፣ መልኳን ግን አያውቁም።

«ትናንት እንዴት አድርጌ ነው ያነበብኩት!» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ስንኝ በስንኝ ሄድንበት። እኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ አንዳንዴም በእጄ፤ ማዳመጫው እንዴት እንደሚጫን፣ ገመዱ እንዴት እንደሚሰካ አሳየኋቸው። መጀመሪያው ላይ «አኔ» የሚል ቃል ጨመሩ። እማዬ ማለት ነው። ትናንት ሰው በዝምታ ያሳለፈው አንድ ስንኝም ነበር፣ እናቴ አስተዳዳሪውን የምትመልስበት፦

ጓድ አስተዳዳሪ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣
ደቂቃዎ አልቋል፣ ሌላ ደዋይ አለብኝ።

«ይኼ ያስቃል እኮ» አሉ።

«አዎ፣ ያስቃል።»

«እንግዲያው እናስቃቸዋለን።»

ቅዳሜ፣ የመዝጊያው ንባብ

አዘጋጆቹን አንድ ግጥም እንድደግም ለመንኳቸው፣ ፈቀዱልኝ። በዚህኛው ቀን መጀመሪያ ተናገርኩ። «ሐሙስ ዕለት ስላፈርኩ ዋሽቻችኋለሁ። ይህ ግጥም ለእናቴ ነው። እናቴ በሕይወት አለች፣ ድንች ትኮተኩታለች።»

አነበብኩ። ነጃቲ ቤይ «አኔ» ብለው ጀመሩ። አስተዳዳሪው ጋ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ሣቀ፣ እኔም አብሬ ሣቅሁ። መጨረሻው ላይ ግን የሣቀ የለም። በሕይወቴ ግጥሜ እንዲህ ደርሶ አያውቅም፤ አምቦም ቢሆን፣ በገዛ ቋንቋዬ።

ሰው ሲበተን አንዲት አሮጊት በምርኩዝ ወደ እኔ መጡ። በሁለት እጃቸው እጄን ያዙና ዴሪያ እንድትተረጉም ቆም እያሉ ነገሯት።

«እኔም ሳንትራል ነበርኩ፣ ሃያ ሁለት ዓመት» አሉ። «ቤት ስገባ ዝም እል ነበር። ልጆቼን ጠልቼ አይደለም፤ ዝምታ ብቻ ነበር የእኔ የምለው ነገር። ይህንን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእናትሽ ሰላም በዪልኝ።»

ስማቸውን ማስታወሻዬ ላይ አስጻፍኳቸው።

ማክሰኞ፣ ጊንጪ

ከአውሮፕላን ወርጄ በቀጥታ ወደ ምዕራብ በሚሄድ ሚኒባስ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነበር። ሰላምታው አደራ ነው፣ ማድረስ አለብኝ። ግጥሙን ሳላነብ ደግሞ ሰላምታው ትርጉም የለውም።

እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። በቀኝዋ በኩል ተቀመጥኩ። «እማዬ፣ ያነበብኩት ግጥም ይኼ ነው» ብዬ ጀመርኩ። ቀና ብዬ አላየኋትም። ስጨርስ የሰማሁት የምስሩን ትሪ መሬት ስታስቀምጥ ነው።

«እዚህ ላይ ተሳስተሻል» አለች። «አስተዳዳሪውን ሌላ ደዋይ አለብኝ አላልኩትም። መስመሩ ተበላሽቷል ብዬ ነው የዘጋሁበት።»

ማስታወሻዬን አወጣሁ። የአሮጊቷን ሰላምታና ያሉትን ቃል በቃል ነገርኳት። ሁለቴ አስደገመችኝ፣ በሁለተኛው ቀኝ ጆሮዋን ወደ አፌ አስጠግታ።

«ስንት መስመር ነበራት?»

«አልጠየቅኳቸውም።»

«እኔ አሥራ ሁለት ነበረኝ» አለች። «ማታ ቤት ስገባ አሥራ ሁለቱም ጭንቅላቴ ውስጥ ይጮሁ ነበር። አንቺ በር ላይ ቆመሽ ስትጠብቂ አይሽ ነበር እኮ ሙሉዬ። ምን ልትጠይቂኝ ነበር?»

ከጥያቄዎቼ አብዛኛው ጠፍቶብኛል። አንዱን አስታወስኩ፦ ነቀምት ሩቅ ነው ወይ? እሱን ጠየቅኋት።

«ነቀምት?» አለችና ከነቀምት በየሳምንቱ ስለሚደውል አንድ የቡና ነጋዴ ጀመረችልኝ። ከእሱ ወደ ጉደር፣ ከጉደር ወደ አምቦ፣ በመስመሯ ያለፈውን ሰው ሁሉ። ወደ አምቦ የሚሄደው የመጨረሻ ሚኒባስ ጥሩንባውን እየነፋ ሲያልፍ ሰማነው። ሁለታችንም አልተነሣንም።