የአባቴ መኪና በሽታ

አባቴ መኪናውን ለመሸጥ የተስማማው በአንድ ቃል ነው፤ «እሺ» ብሎ። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። ከእናቴ ጋር ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲኖር በአንድ ቃል የተስማማበት ነገር ትዝ አይለኝም። ግን የዓይን ሐኪሙ «ከእንግዲህ መሪ እንዳይነኩ» ብሎታል፤ እናቴም «ቆሞ እያየኸው አያስችልህም፣ ይሸጥ» ብላለች። ለገዢ የማዘጋጀቱ ነገር በሥራዬ ምክንያት ለእኔ ተሰጠ።

መርካቶ ውስጥ አንዲት ጠባብ ጋራዥ አለችኝ። ኮምፒውተሬን መኪናው ላይ እሰካለሁ፣ የሴንሰሮቹን ብልሽት በኮድ ይነግረኛል፣ እኔ ለባለቤቱ በአማርኛ አስረዳለሁ። መጀመሪያ ላይ ሴት በመሆኔ የሚስቁብኝ ነበሩ። ዛሬ ግን መለዋወጫ ሻጮቹ ሳይቀሩ «እሷ ካለች አለቀ» ይላሉ። ትንሽ ጉራ አለብኝ፤ ከአባቴ የወረስኩት ነው።

መኪናው አብነት አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ነበር የሚቆመው። ያረጀ የጭነት መኪና ነው፤ ሞተሩ ግን ጤነኛ ነበር። የመጀመሪያው ገዢ በመጣ ቀን አባቴ ሞተሩን ሲያስነሣ ከመሪው ፊት ባለው ክሩስኮት ላይ ቢጫው የሞተር መብራት በርቶ ቀረ። ገዢው መብራቱን አየ፣ አባቴን አየ፣ ስልክ የተደወለለት መስሎ እያወራ ወጣ። እስካሁን እያወራ ይሆናል።

ማሽኔን ሰካሁ። የሞተሩ ውሃ ሙቀት ከዜሮ በታች አርባ ዲግሪ ነው አለኝ። አብነት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ! እንዲህ ያለ ውሸት ሲመጣ የሙቀት ሴንሰሩ መስመር ተቋርጧል ማለት ነው። ጋቢናውን ገልብጬ ሳይ፣ እውነትም ሶኬቱ ወልቆ ተንጠልጥሏል። መልሼ ሰካሁትና ኮዱን አጠፋሁ።

«መንገዱ እያነቃነቀው ነው» አለ አባቴ።

መኪናው ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ወር አልፎት ነበር።

ሁለተኛው ገዢ ሲመጣ መብራቱ አልበራም፤ ከሥር ግን ዘይት ተንጠባጥቦ ነበር። «ሞተሩ ያፈሳል» ብሎ ሄደ።

«ምን ታደርጊዋለሽ፣ አርጅቷል» አለኝ አባቴ። «እኔስ ጉልበቴን ያመኝ የለ?»

ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን አንጀቴን በላው። አሁን ሳስበው ሐዘኑ ትንሽ በዝቶ ነበር።

የዘይት ፍሳሽ ኮድ የለውም፤ በዓይንና በእጅ ነው የሚፈለገው። ሞተሩን በናፍጣ አጥቤ አደረቅሁ፣ ማሸጊያዎቹን አንድ በአንድ ዳሰስኩ፣ ከዚያ የስንዴ ዱቄት በተንኩበት። ዘይት የሚወጣበት ቦታ ካለ ዱቄቱን ያርሰዋል። ሞተሩን ግማሽ ሰዓት ያህል አስነሥቼ አቆየሁት፤ ዱቄቱ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ከሥር ካርቶን አንጥፌ ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት ካርቶኑ ላይ መዳፍ የሚያህል ዘይት ተኝቷል። ዱቄቱ አሁንም ነጭ ነው።

ሦስት ቀን በዚህ ተቃጠልኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ ጠዋት፣ ጣቴን ዘይቱ ውስጥ ነክሬ ወደ ብርሃን ያዝኩት። ማር የመሰለ ንጹሕ ዘይት! የናፍጣ ሞተር ዘይት ደግሞ በተቀየረ በማግስቱ ይጠቁራል፤ የዚህ መኪና ዘይት ከተቀየረ ስንት ወሩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኛ ዘይት ግን ሳያድርም የጠራ ነበር፣ በቀጥታ ከጣሳው የመጣ። ሶኬቱም ትዝ አለኝ። በአውራ ጣት ካልተጫኑት የማይለቅ መቆለፊያ አለው። በየማለዳው ከእኔ ቀድሞ እዚያ ግቢ የሚገኘው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሞተሩን ሊያሞቅ፣ መስታወቱን ሊወለውል፣ ከተሸካሚዎቹ ጋር ስለ ኳስ ሊሟገት።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ብግን አልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ዱቄት ለብሼ ስዞር ሰፈሩ «ወፍጮ ቤት ገባሽ እንዴ?» እያለ ሲስቅብኝ፣ አባቴም አብሮ ሲስቅ ነበር።

ሦስተኛው ገዢ የዚያኑ ዕለት ከጁምዓ ሶላት በኋላ መጣ። አንዋር መስጊድ አጠገብ በርበሬ የሚያከፋፍል ደንበኛዬ ነው። ካርቶኑን አየና ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ መኪና አላውቅም» አለኝ። «አንቺ ግዛ ካልሽኝ እገዛለሁ፣ ተው ካልሽኝ እተዋለሁ።»

አባቴ ከጀርባው ቆሞ ያየኛል። ማወቄን አውቋል፤ እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ። ቅንድቡን ከፍ ዝቅ አደረገ፤ «ያፈሳል በይ» ማለቱ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ልል ነበር። አባቴን እወደዋለሁ። ግን መርካቶ ውስጥ እንጀራ የምበላው በቃሌ ነው።

«መኪናው ምንም የለበትም» አልኩ። «ዘይቱን የሚያፈሰው ሹፌሩ ነው።»

ገዢው ካርቶኑንና አባቴን አፈራርቆ አየ፤ ሲገባው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ጋሼ! ምን በድዬዎት ነው?»

አባቴ አልሳቀም። «አንተማ ምን በደልከኝ» አለ። «ይሄ ከተሸጠ፣ እኔ ጠዋት ተነሥቼ የት ልሂድ?»

ይህን ነገር እኔ ጠይቄው አላውቅም፤ እናቴም፣ ሐኪሙም። አፈርኩ። አባቴ ቁልፉን ራሱ ከኪሱ አውጥቶ ለገዢው ሰጠና በእግሩ ወደ ቤቱ፣ ወደ አማኑኤል ሰፈር አቀና። ላድርስህ ብለው እንኳ አልዞረም።

ቅዳሜ ጠዋት እየከበደኝ ወደ ሥራ ሄድኩ። ገና ባልተከፈተው ጋራዤ በር ላይ አንድ ሚኒባስ ቆሟል። አባቴ ከጎረቤት በርጩማ ተውሶ ተቀምጧል፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሹፌሩን ያነጋግራል።

«ትንሽ ታገሥ፣ ልጄ አሁን ትመጣለች» ይለዋል። «እሷ አትዋሽም። አባቷንም አትምርም።»